አሥራ አንድ የእግር ደረጃዎችን በአንድ ከሰዓት አስፋልት ላደረጉት የካርታ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማው ካርታ ሥራ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ፣ እንቅልፍዎ ሳይጎድል፣ ወንበርዎም ሳይጎረብጥዎ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል በመሆኑ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አሥራ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ በመሃሉም ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ፤ በእነዚያ ላይ የነበሩት ቃላት ለማዕረግዎ የሚመጥኑ አልነበሩም። በጋዜጣ እንዲወጣ ማድረጌንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በእጄ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ በሰላም ተኝተው ስላየኋቸው፣ አራተኛው ከእንቅልፋቸው እንዳይቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

ክቡርነትዎ ሊያስታውሱኝ ካልቻሉ፣ በክፍልዎ ከመስኮቱ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ለስድስት ዓመት ተቀምጣ ካርታ ትሥል የነበረችው ልጅ እናት ነኝ። ባልደረቦቿ «ወይዘሪት ልክ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ አንድ መስመር በጣት ስፋት ቢሸሽ ምሳዋን ትታ የምታስተካክል ስለነበረች ነው። ከዛሬ ሰባት ሳምንት በፊት በቤታችን ውስጥ አረፈች፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባረፈችበት ሰዓት ሊያድናት የመጣው አምቡላንስ ከቤታችን በላይ፣ በደረጃ አናት ላይ ቆሞ ነበር፤ የእርስዎ ካርታ በዚያ ቦታ ላይ መንገድ አለ ይላልና።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ለትልቅ ሰው ሲጻፍ በቁጥር ቢሆን ይሻላል ብላ ያስተማረችኝ እሷው ናት።

አንደኛ፤ ስለ ካርታው ውበት።

በመሥሪያ ቤትዎ መግቢያ ግድግዳውን ሙሉ የያዘውን ካርታ አይቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። መንገዶቹ አንድም ቦታ ሳይቋረጡ፣ በአንድ እጅ እንደተሰፋ ጥልፍ ይፈሳሉ። ልጄ እንዲህ ያለው ካርታ እንዴት እንደሚሣል አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አስረድታኝ ነበር። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጣ የብብት ቅድ ስቆርጥ እያየች፣ «እማ፣ እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው እኮ» አለችኝ። እኔ በጨርቁ ላይ በጠመኔ ነጥብ ነጥብ አድርጌ ነጥቦቹን በኩርባ እንደማገናኝ ሁሉ፣ እሷም በኮምፒውተሩ ላይ ነጥብ ትተክላለች፤ ሶፍትዌሩ በነጥቦቹ መካከል መስመር ይስባል፤ እሷም መስመሩን ጎተት እያደረገች ታጎብጠዋለች። እንደ ፎቶግራፍ ስላልሆነ የቱንም ያህል ቢያሳድጉት አይደበዝዝም አለችኝ። ያኔ ገርሞኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስህተትም በዚሁ ሶፍትዌር ከተሣለ የቱንም ያህል ቢያሳድጉት አይደበዝዝም።

ደግሞም ሁሉ ነገር በአንድ ገጽ ላይ አይሣልም። ወንዙ ለብቻው፣ ቤቱ ለብቻው፣ መንገዱ ለብቻው፣ እርስ በርሱ እንደተነባበረ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ሌየር ይሉታል። ከእያንዳንዱ ሌየር ጎን ትንሽ የዓይን ምልክት አለች። እሷን ሲጫኗት በዚያ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ ይሰወራል፤ ሲደግሙት ይመለሳል። በእኛ ኮረብታ ላይ መኪና የማይገባባቸው አሥራ አንድ የደረጃ መንገዶች አሉ። ልጄ እነዚህን በአንድ ሌየር ላይ ለይታ፣ በአጫጭር ሰረዞች ሥላቸው ነበር። በእኔም ሙያ ሰረዝ ሰረዝ ያለ መስመር በቅድ ወረቀት ላይ ካየሁ «እዚህ ላይ መቀስ አታስገቢ» ማለት ነው። ማንም ጀማሪ ሰፊ ይህን ያውቃል።

ካርታው ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ክቡርነትዎ ወደ ክፍሉ መጥተው ሰረዞቹን አዩና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል፤ አጥፉልኝ» አሉ። የዓይኗ ምልክት ተጫነች፤ ደረጃዎቹ ተሰወሩ። ሲሰወሩ ግን ከላይ በመጣው መንገድና ከታች በመጣው መንገድ መካከል ባዶ ቦታ ቀረ። ይህም አላስደሰተዎትም። «ያላለቀ ሥራ አስመሰለው፤ ግጠሙት» አሉ። ሶፍትዌሩ ደግሞ እንደ እርስዎ ሠራተኞች ታዛዥ ነው፤ መንገዶቹን በሙሉ መርጠው አንድ ትዕዛዝ ቢሰጡት፣ ተቀራርበው የተቋረጡትን ጫፎች እየፈለገ በአንድ አፍታ ይገጥማቸዋል። ሌሎች በብዙ ዓመት የማይጨርሱትን የመንገድ ሥራ እርስዎ ያለ አንድ ጆንያ ሲሚንቶ፣ ያለ አንድ የቀን ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። የኮረብታው ነዋሪ በሙሉ ምስጋናውን እንዳቀርብ ወክሎኛል ብል ዋሽቻለሁ፤ አብዛኛው እስካሁን አስፋልት እንደተነጠፈለት አልሰማም።

ልጄ አስም ስለነበረባት፣ ያን ቀን ለትንፋሿ ክትትል ሐኪም ቤት ሄዳ የእርስዎን ትዕዛዝ የፈጸመው አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው ባልደረባዋ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝም እሱ ራሱ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀልድዎ።

ልጄ በማግስቱ ገብታ ካርታውን ስታይ ወደ ቢሮዎ መጥታ ደረጃዎቹ የት እንደሄዱ ጠይቃዎት ነበር። እርስዎም በሰዎች ፊት «ለግድግዳ እኮ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚነዳ ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት። ሁሉም ሳቁ። እሷም ትንሽ ፈገግ ብላ ነበር አሉ። ከዚያም ተቀምጣ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፈችልዎት፤ ግልባጩ በእጄ ነው፤ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ የመዝገብ ቁጥርም አለው። «ይህ ካርታ ለማየት እንጂ ለመሄድ አያገለግልም» ይላል። ለአስቸኳይ ሥራ የሚሆነውን ደግሞ ደረጃዎቹን ሁሉ እንደያዘ ለብቻው አስቀመጠችው። ስሙንም ማንም እንዳይሳሳት አድርጋ «ለአምቡላንስ፣ ደረጃው ያለበት» አለችው። የእርስዎ ፋይል ስም «የመጨረሻ ቆንጆው» ነበር።

ከአራት ወር በኋላ የአምቡላንስ አገልግሎቱ አዲስ ካርታ ሲጠይቅ ከቢሮዎ የወጣው ትእዛዝ «የመጨረሻውን ላኩላቸው» የሚል ነበር፤ እናም ቆንጆው ተላከላቸው። እኛ ልብስ ሰፊዎች በሱቅ መስኮት ላይ ለቆመ አሻንጉሊት ልብስ ስናለብስ ከጀርባው በስፒል ሰብስበን እናሳምረዋለን፤ ከፊት ሲያዩት ልክክ ያለ ነው። ያንን ልብስ ግን ከነስፒሉ አውልቆ ለሰው ያለበሰ ሰፊ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ለሙያችን አዲስ ነገር ስላሳዩን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ስለ ማክሰኞ ጠዋት።

ክቡርነትዎ የሥራ ሰው ስለሆኑ በደቂቃ እነግርዎታለሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትንፋሿ ተያዘ። የምትስበውን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሳበች፤ አልፈታላትም። ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት። ሰፈሬን ነገርኳት፤ «ከታች በኩል ይምጡ፣ ከላይ ደረጃ ነው» አልኳት። «አይጨነቁ እናቴ፣ አዲስ ካርታ አለን፤ በአጭሩ ነው የሚመጡልዎት» አለችኝ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት፤ አልደገምኩትም። ያ የእኔ ነው፤ እሱን ለእርስዎ አላካፍልዎትም።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ሹፌሩ ደወለ። ልጄ ጠረጴዛዬን ተደግፋ፣ እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እኔ ጀርባዋን ይዣለሁ፤ ስለዚህ ስልኩን ድምፁ እንዲወጣ አድርጌ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጥኩት። «እናት፣ ካርታው ቀጥታ ግባ ይለኛል፤ ከፊቴ ያለው ግን ደረጃ ነው! ሌላ መንገድ አለ ወይ?» ብሎ ጮኸ። ልጄ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በሁለት ትንፋሽ መሃል «እማ፣ ቆንጆው ነው የደረሳቸው» አለችኝ። የምትቃዥ መሰለኝ። ስለ ፋይል ስም እንደምትነግረኝ በምን ላውቅ? «በታች… በይው» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

አልኩት። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ከበስተኋላው አሸዋ የሚያራግፍ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶታል። ጥሩምባውን ሲነፋ እዚህ ቤቴ ውስጥ ይሰማኛል። እንደዚያ ቅርብ ነበር፤ ጥሩምባው ይሰማል፣ መኪናው አይደርስም። አብራው የመጣችው ነርስ መጠበቅ አቅቷት ቦርሳዋን ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ላይ ገባች፤ መርፌም ወጋቻት፣ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ግን ከመኪናው ግድግዳ ጋር በብሎን የታሰረ ነው። አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ ልጄ አረፈች። አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ላይ መኪናው በታች በኩል ዞሮ በራችን ላይ ቆመ።

ስምንት ደቂቃ ነው። ክቡርነትዎ በምረቃው ቀን ያደረጉት ንግግር ከዚህ እንደሚረዝም ሰምቻለሁ።

ሹፌሩን አልወቅሰውም። ገብቶ ሲያያት የያዘውን ታብሌት ደጃፉ ላይ በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠው፤ አጠገቡም ቁጭ አለ። «እናት፣ ካርታውን እኔ አልሠራሁትም» አለኝ። አውቃለሁ፣ አንተ አይደለህም አልኩት። ማን እንደሆነ ግን ያኔ አላውቅም ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ዕድገቱ።

አጣሪ ኮሚቴዎ ሁለት ገጽ ሪፖርት በማውጣቱ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በተለይ በሁለተኛው ገጽ ላይ «ካርታውን በዋና ሣይነትና በኃላፊነት ያዘጋጁት ባለሙያ በሕይወት ባለመኖራቸው ተጠያቂነቱ በዚሁ ተዘግቷል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። ልጄ በሕይወት ሳለች ሦስት ጊዜ የደረጃ ዕድገት ጠይቃ ሦስት ጊዜ ተከልክላለች፤ የመታወቂያ ካርዷም እስከ መጨረሻው «ረዳት የካርታ ሣይ» ነበር የሚለው። ከሞተች በኋላ ግን አንድ ሰው ጥፋቱን መሸከም ሲኖርበት ዋና ሣይ ሆነች፤ «አንቱ»ም ተባለች። መሥሪያ ቤትዎ ለሙታን ያለውን ቸርነት ለሕያዋን ጥቂት ቢያካፍል ምንኛ መልካም ነበር።

ያ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ በሪፖርቱ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም። የወረቀት እጥረት ካለ ልነግርዎት እወዳለሁ፤ የቅድ ወረቀት አለኝ፣ ሰፊ ነው፣ በነፃ አመጣለሁ።

አምስተኛ፤ በመጠበቂያ ክፍልዎ ያለው ወንበር ለስላሳ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለተቀመጥኩበት ምስክር ነኝ። ጸሐፊዎ ሦስቱንም ቀን ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ነግራኛለች፤ በሦስተኛው ቀን ስብሰባው ሲስቅ በበሩ በኩል ሰማሁት።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ነገሩ ግን አላለቀም።

ልጄ ካረፈች በሦስተኛው ሳምንት ያ አጠገቧ ይቀመጥ የነበረው ባልደረባዋ ወደ ቤቴ መጣ። በለቅሶው ቀን በር ላይ ደርሶ መመለሱን ጎረቤቶቼ ነግረውኝ ነበር። ገብቶም አልተቀመጠም። ቆሞ የኮምፒውተር ፋይል የሚያዝበትን ፍላሽ በመዳፉ ላይ እያገላበጠ «እማማ፣ የተጫንኩት እኔ ነኝ። አጥፋ ሲሉኝ አጠፋሁ፣ ግጠም ሲሉኝ ገጠምኩ» አለኝ። ምን ልበለው? ልጄ የሆነውን አውቃው አለፈች ልበለው? «ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። ከዚያ በፍላሹ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኩት፤ ሁለቱም ፋይሎች ናቸው አለኝ። «እንግዲያው አሳየኝ» አልኩት፤ የልጄን ኮምፒውተር አመጣሁለት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያስተምረኛል። ማውስ እንደ መቀስ አይታዘዝም፤ መጀመሪያ ላይ አንዲት መስመር ለመሣል አንድ ሰዓት ይወስድብኝ ነበር፤ መስመሯም ጣራ ላይ ወጥታ ወንዝ ውስጥ ገብታ ነው የምትመለሰው። «እማማ፣ ይሄ መንገድ ሰክሯል» እያለ ይቀልድብኛል። አሁን ደህና ሆኛለሁ። ያችን የዓይን ምልክት ራሴ ተጫንኳት፤ ደረጃዎቹም አሥራ አንዱም ተመለሱ። የሰፈራችንን ደረጃ አጉልቼ ሰረዞቹን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካሁ ቆጠርኳቸው፤ መቶ አራት ናቸው። ወጥቼ ደረጃውን ቆጠርኩት፤ መቶ አራት ነው። ግምት አልነበረም ለካ፤ እያንዳንዱን በእግሯ ወጥታ ነው የሣለችው፤ በዚያ ትንፋሽ።

ጉልበቴ እንደፈቀደልኝ ከአሥራ አንዱ ሰባቱን ዞሬያቸዋለሁ። በስድስቱ የልጄ ቁጥር ልክ ነው። በአንዱ አንድ ጎድላለች፤ አንድ ነዋሪ ባለፈው ወር ከደጁ ፊት ለፊት አንዲት እርከን ጨምሮበት ኖሮ ነው። በሌላው ደረጃ ግርጌ ልብስ የምታሰጣ ሴትዮ በያዝኩት የካርታ ወረቀት ላይ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ በዚህ መኪና ያልፋል ተብሎ ተጽፏል አልኳት። ደረጃውን ሽቅብ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «መኪና? በዚህ? ክንፍ ካበቀለ!» ብላ ሳቀች። ቤቷ ውስጥ አልጋ ላይ የቀሩ አባት አሏት፤ ድምፃቸው ይሰማል። ለምን እንደምጠይቅ ሳልነግራት ቆጠራዬን ቀጠልኩ።

ይህን ደብዳቤ ያስቸኮለኝም የእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ነገር ነው። በሚቀጥለው ወር መባቻ ካርታዎ በአሥር ሺህ ቅጂ ታትሞ ለእሳት አደጋ፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለጤና ጣቢያዎችና ለአምቡላንሶች በሙሉ እንደሚታደል ተነግሮኛል። ማተሚያ ቤቱ የተቀበለው ፋይል የትኛው እንደሆነ አስጠይቄአለሁ። ቆንጆው ነው። ማስታወሻዋን ካነበቡ በኋላ፣ ሪፖርቱን ከፈረሙ በኋላ፣ እሷ ከሞተች በኋላ፣ አሁንም ቆንጆው ነው።

ልጄን መልሱልኝ ብዬ አልጠይቅም፤ መሥሪያ ቤትዎ የማይቻለውን ሲጠየቅ እንደሚናደድ አውቃለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ማተሚያው ይቁም፤ ፋይሉ ይመርመር፤ ደረጃዎቹ ይመለሱ። የዓይኗን ምልክት መጫን ከባድ ሥራ ከሆነብዎት ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልብስ ሰፊ በነፃ መጥታ ትጫንልዎታለች። ሁለተኛው፣ ከሪፖርቱ ላይ የልጄ ስም ይነሳ፤ በምትኩ ማን ያዘዘው እንደሆነ ይጻፍ። ያ ባልደረባዋ እጁ ያለበትን ራሱ ጽፎ ፈርሟል፤ ደብዳቤው ከዚህ ጋር ለጋዜጣው ተሰጥቷል። እንጀራዬ ይቀራል ብሎ አልተመለሰም። እንግዲህ የቀረው የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ነው።

እስከ ወሩ መጨረሻ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለ። ለእርስዎ አንዲት ጣት ማንሳት ነው። እኔ ደግሞ እስከዚያው ልጄ የሣለችውን እያተምኩ በየአምቡላንስ ጣቢያው አድላለሁ፤ ያ ሹፌር በስድስት መኪኖች ላይ በገዛ እጁ ለጥፎልኛል። ነገር ግን እኔ አንዲት ሴት ነኝ፣ ማተሚያዬም ትንሽ ናት፤ የእርስዎን አሥር ሺህ አልደርስበትም።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ስለወሰድኩት፣ በልጄ ሥራ ስለተሞገሱበት፣ በሞቷም ስለተገላገሉበት፣ በስተመጨረሻም ስለ ለስላሳው ወንበር በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ከአንገቴ ግን ቀና ብዬ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ ለመሆን ያልታደልኩ፤
የረዳት ሣይዋ እናት፣ ልብስ ሰፊ፤
ከመቶ አራት እርከን በታች ካለው ቤት።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት አንድ ቅጂ በእጅዎ ላስረክብዎት ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ወደ መኖሪያ ቤትዎ መጥቼ ነበር። የመጣሁት በካርታዎ ነው። ካርታው ከዋናው መንገድ በቀጥታ ወደ ደጅዎ ያስገባል፤ እኔን ግን ከቤትዎ ጀርባ ሰው የሚውጥ የጎርፍ ቦይ አፋፍ ላይ አቆመኝ። ያ ቦታ ደረጃ ስላልሆነ ከአሥራ አንዱ ውስጥ አልነበረም፤ ግጠም የተባለው ሶፍትዌር ስንት ሌላ ነገር አብሮ እንደገጠመ የገጠመውም ሰው አያውቅም። በዙሪያ ጥምጥም ሃያ አምስት ደቂቃ በእግሬ ሄጄ ደረስኩ። እርስዎ አልነበሩም። በሩን የከፈቱልኝ እናትዎ ናቸው፤ ውሃ ሰጥተውኛል፣ ጥላ ስር አስቀምጠውኛል፤ ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ያንን ቦይ በዚያኑ ቀን ሥዬ ለአምቡላንሱ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። የእርስዎን ትእዛዝ አልጠበቅኩም፤ እናትዎን ሲያስላቸው ሰምቻለሁና።